ሰብለ ስታዘኝ

ባለፈው ሳምንት በምሠራበት ኢንዱስትሪ ፓርክ የምሳ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከኋላዬ አንድ ሰው አስተናጋጅ ለመጥራት እጁን ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። እኔ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ሠላሳ ስፌተኞች የማዝ የመስመር ኃላፊ፣ ማንኪያዬን አስቀምጬ ብድግ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ «ምነው ሂሩት፣ ምን ረሳሽ?» ስትለኝ «ጨው ላመጣ ነው» ብዬ ጨው ፍለጋ ሄድኩ። ጨው ጠረጴዛችን ላይ ነበር።

ያ ድምፅ በእኔ ጆሮ የአስተናጋጅ መጥሪያ ሳይሆን የታላቅ እህቴ የሰብለ ድምፅ ነው። ሰብለ ስሜን ጠርታ ጉልበቷን አታባክንም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ታጨበጭባለች፣ እኔ ካለሁበት እመጣለሁ። ሽንት ቤት ብሆንም፣ ዛፍ ላይ ብሆንም፣ ከጓደኞቼ ጋር ገመድ እየዘለልኩ መቶ ልሞላ ሁለት ቢቀረኝም እመጣለሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ እግሮቼ ግን ይሄን አልረሱም።

ቤታችን ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ለባቡር ሠራተኞች ከተሠሩት ወፍራም ግድግዳ ካላቸው ቤቶች አንዱ ነበር። አባታችን ጣቢያው ውስጥ ባቡር የመልቀቅና የመቀበል ሥራ ይሠራ ነበር፤ እናታችን ደግሞ በፈረቃ ፋብሪካ ትገባ ስለነበር፣ ሁለቱም በማይኖሩበት ሰዓት ሁሉ የቤቱ መንግሥት በሰብለ እጅ ነበር። እኔን በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። ታናሽ ወንድማችን ቢኒ ገና አምስት ዓመቱ ስለነበር፣ ከነሙሉ ኩራቷ የምትገዛው ሕዝብ በአብዛኛው እኔ ነበርኩ። «እትዬ በይኝ» ትለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ እትዬ የምላት የሆነ ነገር ስፈልግ ብቻ ነበር።

በበጋው የድሬ ሙቀት ከሰባት ሰዓት በኋላ ከተማውን ሁሉ ጥሎ ይተኛበታል፤ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ውሾች ግድግዳ ተጠግተው ይዘረጋሉ፣ እኛም ሲሚንቶው ላይ ውኃ ረጭተን በጀርባችን እንተኛለን። የሰብለ ትእዛዝ ግን እረፍት አያውቅም ነበር። «መስኮቱን ክፈቺው።» እከፍተዋለሁ። «አይ፣ ወላፈን እየገባ ነው፣ ዝጊው።» እዘጋዋለሁ። «ውኃ አቀብይኝ» ትለኝና ተነስቼ ስሄድ የውኃው ብርጭቆ ከእሷ እጅ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ብርጭቆውን ያን አንድ ስንዝር አስጠግቼላት ወደ ቦታዬ እመለስና ለቢኒ ቀጭን ትእዛዝ እሰጣለሁ፤ ቢኒም ከእሱ በታች ማንም ስላልነበረ ወደ ድመቷ ዞሮ «ተነሺ፣ ውኃ አምጪ» ይላል። ድመቷ አንድ ዓይኗን ከፍታ አይታው መልሳ ትጨፍናለች፤ ከመካከላችን ነፃ የነበረችው እሷ ብቻ ነበረች።

መላክ በራሱ አልነበረም ያስመረረኝ። በዚያ ሰፈር የማንም ልጅ የሁሉም ልጅ ስለነበር ማንኛውም ትልቅ ሰው አስቁሞ «ሱቅ ደርሰሽ ነይ» ሊል ይችላል፤ መሬት ላይ እንትፍ ብሎም «ምራቄ ሳይደርቅ ተመለሺ» ይላል። ይህ ልማድ ደጋ ላይ ለልጅ በቂ ጊዜ ይሰጥ ይሆናል፤ በድሬ ፀሐይ ግን ምራቁ መሬት ከመንካቱ ይደርቃል። ትልልቆቹ ይህን ስለሚያውቁ የተላከው ልጅ ሲመለስ መሬቱን አያዩም። ሰብለ ግን ታያለች። እንትፍ ትላለች፣ ስመለስ ጎንበስ ብላ መሬቱን ትመረምራለች፣ «ደርቋል፣ እንደገና ሂጂ» ትለኛለች። ይሄ ነበር ያንገበገበኝ።

ጥር ላይ፣ አየሩ ትንሽ ሲለዝብ፣ አምስተኛ ክፍል ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህራችን ቲቸር ደረጄ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃላት ጻፈ፤ ቦስ አራውንድ። አንድ ላይ ሆነው አንድ ግሥ ናቸው አለን። «አንድ ሰው መብቱ ሳይኖረው፣ ወይም ቢኖረውም ያለ ቅጥ፣ ሌላውን ሰው ይህን አምጣ፣ ያን ውሰድ፣ ወዲህ ና፣ ወዲያ ሂድ እያለ ሲያሽከረክረው ይባላል» ብሎ ፊታችንን አየ። «ዳይሬክተራችን ደወል ደውሉ ሲሉ ግን አይባልም፤ እሳቸው ሥራቸው ነው። ይሄኛው ሰው የሚጠላው ዓይነት ማዘዝ ነው። ምሳሌ ስጡኝ።» እጄን አውጥቼ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። በሕይወቴ ትርጉሙን እንዲህ አጥንቴ ድረስ ያወቅሁት የእንግሊዝኛ ቃል ከዚያ በፊት አልነበረም። «ማይ ሲስተር ሰብለ ቦስስ ሚ አራውንድ ኤቭሪ ዴይ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ቲቸር ደረጄም እየሳቀ ዓረፍተ ነገሬን ሰሌዳው ላይ ጻፈልኝና «አያችሁ፣ የሚታዘዘው ሰው በሁለቱ ቃላት መሀል ይገባል» አለ። እዚያ መሀል ተጨቁና የተቀመጠችው ትንሽ ቃል፣ «ሚ»፣ ቁርጥ እኔን ነበረች።

አዲሱን ግሥ እንደ ዱላ ይዤ ቤት ገባሁ። አባታችን ከሥራ መጥቶ ኮፍያውን ሚስማር ላይ ሲሰቅል ጠብቄ፣ የቲቸር ደረጄን ማብራሪያ ከነምሳሌው አቀረብኩ። ሰብለ «አቦ ተይን! እኔ ካላዘዝኩ ይሄ ቤት ይቆማል?» ብላ ጮኸች። አባ ግን ነገሩን እንደ ቀልድ አላየውም፤ ወንበር ስቦ ሦስታችንንም ፊቱ አቆመንና ጠየቀን፤ «እኔ ባቡር ወደ ሽንሌ ስለቅ ምን የማደርግ ይመስላችኋል?»

«ፊሽካ ትነፋለህ» አለ ቢኒ።

«ፊሽካው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ሽንሌ ጣቢያ ላለው ሰው እደውላለሁ። ያልኩትን ቃል በቃል ይደግምልኛል። ባቡሩን እለቃለሁ። ከዚያ ሽንሌ ደውሎ ደረሰ እስኪለኝ ድረስ ከስልኩ አጠገብ አልነሳም። ሽንቴ ቢመጣ አልነሳም!» ቢኒ በሳቅ ተንከባለለ። አባ ግን ወደ ሰብለ ዞሮ ቀጠለ፤ «ልቀቁ ማለት ማንም ይችላል፣ ልጄ። ደረሰ እስኪባል የሚጠብቅ ነው ማዘዝ ያለበት።»

ያኔውኑ ከቦርሳው አሮጌ ቅጽ አውጥቶ በጀርባው የቤታችንን ሕግ ጻፈና ቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጠፈው። የታዘዘ ትእዛዙን ይደግማል። አንዱ ሳይፈጸም ሌላ አይታዘዝም። ያዘዘ ሰው የላከው እስኪመለስ ካለበት ቦታ አይነቃነቅም። ሰብለ አንብባ ስትጨርስ ፊቷ ጠቆረ፤ እኔ ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ የሚመጡት ወራት ሁሉ ፊቴ እንደ ሜዳ ተዘረጉልኝ።

የካቲትና መጋቢት የእኔ ዘመን ነበሩ። ሰብለ «ሻሼን አምጪልኝ» ስትል፣ እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜ «እህቴ ሰብለ፣ ሻሽሽን ከመኝታ ክፍል ወስጄ ወደዚህ እንዳመጣልሽ አዘሽኛል» ብዬ እንደ ራዲዮ እደግምና እሄዳለሁ። ከዚያ መኝታ ክፍል ገብቼ አልጋ ላይ ጋደም እላለሁ። እሷ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ቀረች ማለት ነው። አንድ ቀን ልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ሆና አንድ እግር ሸበጧን እንዳመጣላት ልካኝ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጠራራ ፀሐይ ላይ በአንድ እግሯ እንደ ሽመላ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ባዶውን እግሯን ሲሚንቶው እያቃጠላት ታነሳለች፣ ታወርዳለች። እልኸኛ ስለሆነች ሕጉን ላለመጣስ ሞታ ትገኝ ነበር። እኔም ይህን ባሕርይዋን አውቄ ነው የተጫወትኩባት።

ቢኒም ሕጉን በራሱ መንገድ ወስዶት ነበር። አንድ ጠዋት አባን «ከረሜላ ይዘህልኝ ና» ብሎ አዘዘውና፣ አባም ለቀልድ ደግሞለት ወደ ሥራ ሄደ። ቢኒ የግቢው በር ላይ ተቀመጠ፤ ለምሳ ቢጠራ አልነሳም፣ እናታችን ብትቆጣው «አዝዣለሁ፣ መነሳት አልችልም» እያለ አለቀሰ። በመጨረሻ እናታችን ሳህኑን ተሸክማ በሩ ላይ አጎረሰችው። የሰብለ ትእዛዝ ግን በግማሽ ቀነሰ፤ ውኃዋንም ራሷ መቅዳት ጀመረች።

ሚያዝያ ላይ ሰብለ በትምህርት ቤቷ ለእንግሊዝኛ ንግግር ውድድር ከተመረጡት ሦስት ተማሪዎች አንዷ ሆነች። አንደኛ የወጣው ድሬን ወክሎ አዲስ አበባ ይሄዳል። የባቡር ሠራተኛ ልጆች ሆነን እንኳ ሰብለ ከሐረር አልፋ አታውቅም ነበርና፣ ያ ጉዞ አሳበዳት። መስታወት ፊት ቆማ ንግግሯን ትለማመዳለች፣ እኔን ወንበር ላይ አስቀምጣ «አሁን አጨብጭቢ፣ አሁን ዝም በይ» ትለኛለች፤ ከአፏ የሚወጣው እንግሊዝኛ በጣም ስለሚያምር እኔም ሳልታዘዝ የማጨበጭብበት ጊዜ ነበር። እናታችን ለዚያ ቀን ብላ ቢጫ ጨርቅ ገዛችላት። የሚሰፋውም ከወንዙ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ በአዴ ፋጡማ እጅ ሆነ፤ አዴ ፋጡማ ፋብሪካ ውስጥ ከእናታችን ጋር አንድ ማሽን ላይ ትሠራ የነበረች፣ በኋላ ቤቷ ስፌት የጀመረች ሴት ናት።

ውድድሩ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ቀሚሱ የደረሰው በዚያው ቀን ነው። ሰብለ ፀጉሯን ተተኩሳ፣ ፊቷን ተቀብታ ስለነበር የመጋላን አቧራ ፈራችና እኔን ልትልክ ወሰነች። ጠዋት ደግሞ ጓደኞቼ ፊት የሸራ ጫማዋን አሳጥባኝ ነበርና አኩርፌያታለሁ። ሰባት ተኩል ላይ የደጫቱ ዳር ድረስ አብራኝ መጣች። ደጫቱ ስሙ ወንዝ ነው እንጂ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ቀን ሰው፣ ግመልና አህያ የሚሻገርበት ሰፊ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር። ዳሩ ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆመችና አዘዘችኝ፤ «አዴ ፋጡማ ጋ ሄደሽ ቀሚሴን ተቀበያት። ሳታጣጥፊው በክንድሽ ላይ አንጥፈሽ በቀጥታ ተመለሺ። እኔ እዚሁ ነኝ። ድገሚ።»

ደገምኩላት። አሸዋውን ስሻገር ግን ሆዴ ውስጥ ሌላ ሐሳብ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ላቁማት፤ ለጫማው። ለውድድሩ አትዘገይም፣ ብቻ ትንሽ ትቃጠል።

አዴ ፋጡማ ቀሚሱን ተኩሳ ጨርሳ ግድግዳ ላይ ሰቅላው ነበር። «ኮቱ፣ ግቢ ልጄ፣ እዚህ ቁጭ በይ» አለችኝ፤ «በዚህ ፀሐይ ማን ነው የላከሽ? ሐላዋ ልስጥሽ?» ሌላ ጊዜ ቢሆን ቸኩያለሁ እል ነበር። ያን ቀን ግን ቁጭ አልኩ። ሐላዋዬን በጥፍሬ እየቆረስኩ፣ ጣቴን እየላስኩ፣ ዓይኔን የግድግዳው ሰዓት ላይ ተክዬ በላሁ። ሲያልቅ ሌላ ቁራሽ ተቀበልኩ። ሰብለ በዚያ ሙቀት ቆማ ስትንቆራጠጥ በዓይነ ኅሊናዬ እያየሁ፣ ደስታዬ ከሐላዋው ይበልጥ ይጣፍጠኝ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ከወንዙ በኩል የሰው ጩኸት ተሰማ፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሶማልኛ ይጮኻል፣ ሁሉም የሚለው አንድ ነው። አዴ ፋጡማ መቀሷን ጥላ ተነሳች። «ያ ረቢ! ጎርፍ ነው!» የድሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሁሉም ይረሳዋል፤ ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ተራራው ላይ ነው፣ ውኃው የሚመጣው እዚህ ፀሐይ እያቃጠለች ነው። ቀሚሱን ከግድግዳው ነጥቄ ሮጥኩ፤ አዴ ፋጡማም በነጠላ ጫማዋ ተከተለችኝ።

ስንደርስ አሸዋው አልነበረም። ቀይ ቡኒ ውኃ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ግንድና ጀሪካን እያላተመ ይወርዳል፤ ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል። ከወዲያ ማዶ የኒሙን ዛፍ ፈለግሁ። ሰብለ ከሥሩ አልነበረችም። ከዚያ ከዛፉ ዝቅ ብላ፣ ውኃው ጫፍ ላይ አየኋት፤ ጎንበስ ቀና እያለች የሚያልፈውን ግንድ ሁሉ ታያለች፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ታች ትሮጣለች፣ ተመልሳ ወደ ላይ ትሮጣለች፤ አንድ ሽማግሌ ክንዷን ይዘው ወደ ኋላ ሊጎትቷት ይሞክራሉ። የምትፈልገው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ያቺ ሞኝ እኔ፣ ስለ ቀሚሱ የተጨነቀች መሰለኝ። ቢጫውን ቀሚስ ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ አውለበለብኩት።

አየችኝ። ያየችኝ ጊዜ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

ትንሽ ቆይታ ተነሳችና ሁለት መዳፏን ወደ ታች እየገፋች ምልክት ሰጠችኝ፤ እዚያው ሁኚ፣ እንዳትንቀሳቀሺ። እኔ ግን የአዴ ፋጡማ ሰዓት በዓይኔ ላይ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት እየቀረበ ነው፤ ዩኒፎርሟን ለብሳለች፣ ያለ ቀሚሱም መሄድ ትችላለች፤ ትምህርት ቤቱ በእሷ በኩል ነው። «ሂጂ!» ብዬ ጮኽኩ። ውኃው ዋጠው። በእጄ ወደ ትምህርት ቤቱ አመለከትኩ፤ አልተንቀሳቀሰችም። ቀሚሱን ለአዴ ፋጡማ ሰጥቼ እጄን ሁለት ጊዜ አጨበጨብኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቅ እህቴን አዘዝኳት። ራሷን ነቀነቀችና እዚያው ቆመች።

«እህትሽ ናት?» አለች አዴ ፋጡማ፤ «ታዲያ አንቺን አይታለች፣ ቤቷ አትሄድም?»

«ውድድር አለባት፣ አዴ። አዲስ አበባ ልትሄድ ነበር» አልኳትና ማልቀስ ጀመርኩ። አዴ ፋጡማም ምን እንዳስለቀሰኝ በቅጡ ሳታውቅ በሻሿ ጫፍ ፊቴን እያበሰች «አይዞሽ፣ ኢንሻአላህ ውኃው ይጎድላል» አለችኝ።

ውኃው የጎደለው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ፖሊሶች ጎርፉ ሲመጣ የዘጉትን የታችኛውን ድልድይ ሲከፍቱ፣ እሷ ከወዲያ እኔ ከወዲህ ሮጠን መሀሉ ላይ ተገናኘን። አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ የለመድኩት የትእዛዝ ዝናብ ወረደ፤ «ጫማሽን አራግፊ፣ አፍሽን ጥረጊ፣ ቀሚሱን ወዲህ በይው፣ በዚህ በኩል ሂጂ፣ እጄን ያዢ፣ እጄን ያዢ አልኩሽ!» እስከ ቤታችን በር ድረስ እጄን አልለቀቀችም።

አዲስ አበባ የሄደችው የክፍሏ ልጅ ሆነች። አባ ነገሩን ሲሰማ «ለምን አልሄድሽም?» ብሎ ጠየቃት፤ እሷ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አባ ግን መልሱን ራሱ አገኘውና ፊቱ በራ። «ቦታዋን አልለቀቀችም! ልጄ ቦታዋን አልለቀቀችም!» እያለ በነጋታው ለጣቢያው ሰው ሁሉ አወራ፤ ለዓመታትም አወራ። እኔ ስለ ሐላዋው ትንፍሽ አላልኩም። ሰብለ ቢጫ ቀሚሷን ሰቅላ፣ መታጠቢያ ክፍል ገብታ ውኃውን ከፍታ ብዙ ቆየች፤ ስትወጣ ዓይኖቿ አብጠው ነበር።

ያ ክረምት ከልጅነቴ ክረምቶች ሁሉ ከባዱ ነው። ሰብለ ማዘዝ አቆመች። ውኃዋን ራሷ ትቀዳለች፣ ሸበጧን ራሷ ትፈልጋለች፣ ሱቅም ራሷ ትሄዳለች። «ላምጣልሽ?» ስላት «ተይው፣ እኔው አመጣዋለሁ» ትለኛለች፤ አትቆጣም፣ አታኮርፍም፣ ይሄ ደግሞ ባሰ። ቅጣቴ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ትጠራኝ እንደሆነ ብዬ ከግቢ ሳልወጣ እውላለሁ፤ ቢኒ ለጨዋታው ሲያጨበጭብ እንኳ ተነስቼ እሮጣለሁ። ነፃነቴን አግኝቼ የት ላስቀምጠው ጠፋኝ።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሊከፈት ሰሞን፣ ከጓሮ ሁለት ጭብጨባ ተሰማ። በሩጫ ወጣሁ። ሰብለ የታጠበ ልብስ ታቅፋ ቆማለች፤ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ «የልብስ መቆንጠጫውን አምጪልኝ» አለችና እንትፍ አለች። እንዴት እንደበረርኩ አትጠይቁኝ። ስመለስ ጎንበስ ብላ መሬቱን አየች፤ ድርቅ ብሏል። «እርጥብ ነው» አለች።

ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሆን ነው። አባ አርፏል። ቢኒ በትልቅ መኪና ጅቡቲ ይመላለሳል። ሰብለ የአንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት፤ መምህራኑ ኮሪደር ላይ ሲያዩዋት ሸሚዛቸውን ያስተካክላሉ ይባላል። ከምሳ አዳራሹ ጉድ በኋላ እሑድ ዕለት ቤቷ ሄጄ ስለ ጨው ፍለጋዬ ነገርኳት፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የሳቁ ሙቀት ደፋር አደረገኝና ያን ሐሙስ ሆን ብዬ እንደዘገየሁ፣ ያንን ሁሉ ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው እንደኖርኩ ነገርኳት።

«ሐላዋ እንደበላሽማ ከነማስረጃው አፍሽ ላይ አይቻለሁ» አለች፤ «ለእኔ አንድ ቁራሽ እንኳ አለማምጣትሽ ነው የገረመኝ።»

«እያወቅሽ ነው ለአባ ያልነገርሽው?»

«ብትቸኩዪ ኖሮ አሸዋው መሀል ስትደርሺ ውኃው ይመጣ ነበር። ምን ብዬ ልናገር?»

«ግን አንቺ የአባን ሕግ ብለሽ...»

«የምን ሕግ?» አለችና ስኒዋን አስቀመጠች። «ሕጉ ማንን ትዝ አለው! ውኃው ሲመጣ አንቺ እየተሻገርሽ ነበር ብዬ ነው። የሚያልፈውን ግንድ ሁሉ እጅሽ መስሎኝ እየሮጥኩ አይ ነበር። ካየሁሽ በኋላ እግሬ እምቢ አለኝ። ውድድሩ ትዝ ያለኝ እቤት ገብቼ ቀሚሱን ስሰቅል ነው፤ ያለቀስኩትም ለውድድሩ አልነበረም። አባ ደስ ስላለው ዝም አልኩ።»

ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ለምን እንደቀጣችኝ ጠየቅኋት።

«መቼ ቀጣሁሽ?»

«ማዘዝ አቁመሽ ነበር እኮ።»

ሰብለ እንደማትሰማ ልጅ አየችኝ። «ፈርቼ ነዋ» አለች። «ልኬሽ ብትቀሪስ?»

እኔ ያን ክረምት እንደተጣላችኝ ቆጥሬ ነበር ያሳለፍኩት። በልጅነቴ የሚያዝ ሰው ዕድለኛ፣ የሚታዘዝ ሰው ደግሞ የተበደለ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ልጄን ማዶ ያለ ሱቅ ልኬ መስኮት ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ሲመሻሽ ልሄድ ተነሳሁ። ሰብለ እስከ በር ሸኝታኝ ባጃጁን ራሷ አስቆመች፣ ሹፌሩንም ቀስ ብሎ እንዲነዳ አዘዘችና አንገቷን ወደ ውስጥ አስገብታ «ስትደርሺ ደውይልኝ» አለችኝ። ድሮ ቢሆን አንድ ሰዓት አስጠብቃት ነበር። አሁን ግን ባጃጁ በራችን ላይ ገና ሳይቆም ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላት፤ እሷም አንዴ እንኳ ሳይጠራ አነሳችው።